ከአይን ቆብ ሽፍታ እስከ ሆድ ውስጥ ካንሰር፦ የአንዲት እናት የደርማቶማዮሳይቲስ ኬዝ

ደርማቶማዮሳይቲስ የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆዳና ጡንቻ የሚያጠቃበት በሽታ ነው፣ ይሄ ኬዝ የእሱ ነው። ታካሚዋ 56 አመታቸው ነው። ከደም ግፊት መድሃኒትና ከኮሌስትሮል ኪኒን (ስታቲን) ውጪ የሚወስዱት ነገር የለም፣ አያጨሱም፣ የወር አበባ ካቆሙ 5 አመት አልፏቸዋል። በቤተሰብ ውስጥ ካንሰር አለ ወይ ሲባሉ "አክስቴ በጡት ካንሰር ነው የሞተችው" ብለዋል፣ ይቺን ያዙልኝ ኋላ ላይ ታስፈልገናለች። ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር በሙሉ አውጥቼዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በማሳከክ ነው፣ ያውም የራስ ቆዳቸው ላይ። ፎሮፎር ነው ተባለና የፎሮፎር ሻምፖ ተሰጣቸው። ቀጥሎ የላይኛው የአይን ቆባቸው ጠዋት ጠዋት እያበጠ መነሳት ጀመረ፣ እሱ ደግሞ አለርጂ ተባለ፣ የአለርጂ ኪኒንና የስቴሮይድ ክሬም ታዘዘላቸው፣ ክሬሙን ሲቀቡ ትንሽ ቀለል ይላል ሲተዉት ተመልሶ ይመጣል፣ እንዲህ እያለ ሁለት ወር ገደማ ሄደ። ከዛ ደረታቸው ላይ አንገት ስር ያለው ቦታ፣ ትከሻቸውና የላይኛው ጀርባቸው መጥቆር ጀመረ። መጥቆር ያልኩት ሆን ብዬ ነው። አብዛኛው መፅሀፍ ላይ ያለው የዚህ በሽታ ፎቶ ነጭ ቆዳ ላይ የተነሳ ነውና ሁሉም ሰው ቀይ ወይ ሮዝ ሽፍታ ነው የሚጠብቀው፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ ጥቁረት ወይ ዝም ብሎ ቡናማ ጥላ ይመስላል፣ ስለዚህ "ፀሃይ መታኝ"፣ "ማድያት ነው" እየተባለ ይታለፋል። እሳቸውም ራሳቸው ማድያት ነው ብለው ነበር የሚያስቡት።

ሽፍታው እዛ እያለ ሌላ ነገር መጣ። ደረጃ ሲወጡ ጭናቸው ይከዳቸዋል፣ ከዝቅተኛ ወንበር ሲነሱ በእጃቸው ካልተደገፉ አይሆንም፣ ፀጉራቸውን ለማበጠር እጃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ግማሽ ላይ ይደክማቸዋል። ህመም አይደለም፣ ድካም ነው። ይሄ ልዩነት ትልቅ ነው። ደም ተሰራላቸውና ኤኤስቲ 142፣ ኤኤልቲ 118 ሆኖ መጣ፣ ሁለቱም ከፍ ያሉ ናቸው፣ ከዛማ ጉበት ተባለ። የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ ተሰራ ኔጌቲቭ፣ የጉበት አልትራሳውንድ ተሰራ ኖርማል፣ በመጨረሻ ስታቲኑ ነው የሚል ግምት ተያዘና ኪኒኑን አቁመው እንዲጠብቁ ተነገራቸው። ግምቱ በራሱ መጥፎ ግምት አይደለም፣ ስታቲን ጡንቻ ይጎዳል። ግን ስታቲን በተለምዶ የአይን ቆብ አያሳብጥም፣ ደረት ላይም እንዲህ ያለ ሽፍታ አያወጣም፣ ችግሩ ቆዳውን የሚያየው ሰውና ጉበቱን የሚያየው ሰው ሌላ ሌላ መሆናቸው ነው። አንዱ ስለ ሽፍታው ብቻ ይጠይቃል፣ አንዱ ስለ ደሙ ብቻ።

እዚህ ጋር ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጊዜ የሚያባክነው እዚች ቦታ ላይ ነው። ኤኤስቲና ኤኤልቲ "የጉበት ኢንዛይም" እየተባሉ ይጠራሉ እንጂ ጡንቻ ውስጥም አሉ። ጡንቻ ሲጎዳ ሁለቱም ወደ ደም ይፈሳሉ። ምንጩ ጉበት ነው ወይስ ጡንቻ ለማለት የሚረዱ ሁለት ቀላል ምርመራዎች አሉ፣ አንዱ ጂጂቲ ነው፣ ጡንቻ ሲጎዳ አይጨምርም፣ ሌላው ሲኬ ነው፣ እሱ ደግሞ በተቃራኒው የጡንቻ ነው። የእኚህ እናት ጂጂቲ ኖርማል ነበር፣ ሲኬው ግን እስከዛ ድረስ አልተሰራም። ሲሰራ 2,840 መጣ፣ ኖርማሉ 200 አካባቢ መሆኑን አስቡት። ስታቲኑ ከቆመ በኋላ መውረድ ሲገባው ነው እንግዲህ እዚህ የደረሰው።

ቆዳ ክፍል ሲመጡ ምርመራው ረጅም አልነበረም። የአይን ቆባቸው አብጦ ወይን ጠጅ መልክ ይዟል፣ ይሄ ሄሊዮትሮፕ የሚባለው ሽፍታ ነው። የእጃቸውን ጀርባ ስናይ የጣት አንጓዎቹ ላይ፣ ልክ አጥንቱ ወጣ ባለበት ቦታ ላይ፣ ጠፍጣፋ ጠንከር ያሉ እባጮች አሉ፣ የጎትሮን እባጮች (ፓፑል) ይባላሉ። በሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን የሚያጠቃበት ሌላ በሽታ) ሲሆን ሽፍታው በአንጓና በአንጓ መሃል ባለው ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው፣ አንጓውን ይዘለዋል፣ በደርማቶማዮሳይቲስ ግን በተቃራኒው አንጓው ላይ ነው። ፊት ላይም እንደዛው፣ ሉፐስ ከአፍንጫ ወደ አፍ የሚወርደውን መስመር ይዘላል፣ ይሄኛው አይዘልም። ሁሌ መቶ በመቶ ይሰራል ማለት አይደለም ግን በባዶ አይን የሚገኝ መረጃ ስለሆነ መናቅ የለበትም። የጥፍራቸው ስር ያለው ቆዳ ተቦጫጭቋል፣ በደርማቶስኮፕ (የቆዳ ማጉያ መነፅር) ሲታይ ካፒላሪዎቹ (ቀጫጭን የደም ስሮቹ) ሰፍተው ተጣመው አንዳንዱ ቦታ ላይ ጭራሽ ጠፍተዋል። አፋቸው ውስጥ ቁስል የለም። ትከሻቸውን ወደ ታች ስጫን መቋቋም አቃታቸው፣ የእጃቸው መዳፍ ጉልበት ግን ደህና ነው፣ ማለትም ድካሙ ለሰውነት መሃል የቀረቡት ጡንቻዎች ላይ ነው። ሁለት ነገር ደግሞ ሲጠየቁ ብቻ ነው የተናገሩት፣ ኪሎ ቀንሰዋል፣ እና ውሃ ሲጠጡ አንዳንዴ ትን ይላቸዋል።

ባዮፕሲው (ተቆርጦ የተመረመረው ቆዳ) ከቆዳው የላይኛውና የታችኛው ክፍል መገናኛ ላይ ጉዳትና ሙሲን የሚባል ዝልግልግ ነገር ክምችት አሳየ፣ ይሄ ከደርማቶማዮሳይቲስ ጋር ይሄዳል ግን ሉፐስም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል፣ ስለዚህ ባዮፕሲ ብቻውን አይለያቸውም። የጭን ኤምአርአይ ጡንቻው ውስጥ እብጠት አሳየ። ሽፍታው፣ ድካሙ፣ ሲኬው፣ ኤምአርአዩ አንድ ላይ ሲታዩ ጥርጣሬ የሚያስገባ ነገር አልቀረም፣ ደርማቶማዮሳይቲስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ይሄ በሽታ አውቶኢሚዩን ነው፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆዳና ጡንቻ የሚያጠቃበት። አንድ ትልቅ ሰው ላይ ሲገኝ ግን ስሙን አግኝቶ ማቆም አይቻልም፣ "ለምን አሁን፣ ለምን በዚህ እድሜ" የሚለው ጥያቄ መመለስ አለበት። ከካንሰር ጋር ያለው ዝምድና የቆየ እውቀት ነው፣ ገና በ1916 ነው ደርማቶማዮሳይቲስና የጨጓራ ካንሰር አንድ ሰው ላይ አብረው መገኘታቸው የተፃፈው። በቁጥር በደንብ የታየው ደግሞ በ2001 በወጣ ጥናት ነው፣ የስዊድን፣ የዴንማርክና የፊንላንድ መዝገቦች ተደምረው 618 የደርማቶማዮሳይቲስ ታካሚዎች ተገኙ፣ ከነሱ ውስጥ 198ቱ ካንሰር ነበራቸው፣ 115ቱ ላይ ካንሰሩ የተገኘው ደርማቶማዮሳይቲሱ ከታወቀ በኋላ ነው። የካንሰር ስጋታቸው ከተራው ህዝብ ጋር ሲነፃፀር 3 እጥፍ ያህል ነበር። በዛ ጥናት ከሌላው በላይ ጎልተው የወጡት የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማምረቻ)፣ የሳንባ፣ የቆሽት (ፓንክሪያስ)፣ የጨጓራ፣ የአንጀትና የሊምፎማ (የሊምፍ እጢ) ካንሰሮች ናቸው፣ በደቡብ ቻይናና በደቡብ ምስራቅ እስያ ደግሞ የአፍንጫና ጉሮሮ መገናኛ ካንሰር ቀዳሚ ነው። ጊዜውም ወሳኝ ነው፣ ስጋቱ ከፍተኛ የሚሆነው በመጀመሪያው አመት ሆኖ እስከ 3 አመት ድረስ በግልፅ ይቀጥላል፣ ከዛ እየቀነሰ ይሄዳል። ህፃናት ላይ የሚወጣው ደርማቶማዮሳይቲስ ግን ከካንሰር ጋር እንዲህ አይያያዝም፣ ወላጆች ይሄንን አንብበው እንዳይደነግጡ ነው የምለው።

እሺ፣ ሁሉም ታካሚ ላይ ሁሉንም ምርመራ መስራት አለብን ወይ? በ2023 የወጣው አለማቀፍ የማዮሳይቲስ መመሪያ ታካሚዎችን በስጋት ደረጃ ይከፍላል። ከፍተኛ ስጋት ከሚባሉት ነጥቦች ውስጥ በሽታው ራሱ ደርማቶማዮሳይቲስ መሆኑ፣ ከ40 አመት በኋላ መጀመሩ፣ ቲፍ-1 ጋማ ወይም ኤንኤክስፒ-2 በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ የተነሱ አንቲቦዲዎች (የሰውነት መከላከያ ለማጥቃት የሚሰራቸው ፕሮቲኖች) መገኘት፣ ከባድ ወይም መካከለኛ የመዋጥ ችግር፣ መድሃኒት እየተወሰደም የማይበርድ በሽታ፣ እና ቆዳው እየሞተ መቁሰል አሉ። ከነዚህ ሁለቱ ካሉ በቂ ነው፣ ሰውየው ከፍተኛ ስጋት ውስጥ ይገባል። እኚህ እናት ገና አንቲቦዲ ሳይሰራላቸው በበሽታው አይነትና በእድሜያቸው ብቻ አልፈዋል።

"ቆዳዬን ላሳይ መጥቼ ሆዴን የምትፈትሹኝ ለምንድነው?" ብለው ጠየቁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ይሄ ህመም አንዳንድ ሰው ላይ ሰውነት ውስጥ የተደበቀ ካንሰር ምልክት ሆኖ እንደሚመጣ፣ ብዙ ሰው ላይ ግን እንደማይገኝ፣ የምንፈልገው እንዳያመልጠን እንጂ አለብዎት ለማለት እንዳልሆነ በግልፅ ተነገራቸው። ካንሰር የሚለውን ቃል ላለመጥራት ዙሪያ ጥምጥም መሄድ የሚመርጥ ሃኪም አለ፣ እኔ አልስማማም፣ ታካሚው ምን እየተፈለገ እንደሆነ ሲያውቅ የሆድ መነፋትን ወይ የኪሎ መቀነስን አይደብቅም። እሳቸውም ከዛ ውይይት በኋላ ነው "ትንሽ እበላለሁ ቶሎ እጠግባለሁ" ያሉት።

የመጀመሪያው ዙር ምርመራ ምንም አላገኘም። ደረት ራጅ ንፁህ፣ የሆድ አልትራሳውንድ ንፁህ፣ ማሞግራም ንፁህ፣ የማህፀን በር ምርመራ ንፁህ፣ ሰገራ ውስጥ ደም የለም፣ የሽንትና የደም ፕሮቲን ምርመራውም እንደዛው። ብዙ ኬዝ እዚህ ላይ ነው የሚዘጋው፣ "ካንሰር ተፈልጎ አልተገኘም" ተብሎ ፋይሉ ላይ ይፃፍና ቀጣዩ ሃኪም እሱን አንብቦ ያልፋል። በዚህ መሃል ህክምና ተጀምሯል፣ ፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ ኪኒን) በኪሎ 1 ሚሊግራም ስሌት በቀን 60 ሚሊግራም፣ ከሱ ጋር ለአጥንት ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ፣ ለሳንባ ኢንፌክሽን መከላከያ ኮትሪሞክሳዞል፣ ለፀሃይ መከላከያ ክሬምና ሙሉ እጅጌ ልብስ። ትን የሚላቸው ነገር ስላሳሰበን በደም ስር የሚሰጥ ኢሚዩኖግሎቡሊን (አይቪአይጂ) በኪሎ 2 ግራም ተጨመረ። በዚህ መድሃኒት ላይ በ2022 የወጣው ፕሮደርም የተባለው ጥናት 95 ታካሚዎች ላይ ተሰርቶ በ16ኛው ሳምንት መድሃኒቱን ካገኙት 79 በመቶው፣ ፕላሴቦ (መድሃኒት የሌለበት ማስመሰያ) ካገኙት ደግሞ 44 በመቶው መሻሻል አሳይተዋል። ሜቶትሬክሴት የሚባል መከላከያን የሚያለዝብ መድሃኒት በተለምዶ አብሮ ይጀመር ነበር፣ ግን ምርመራው ሳያልቅ አልጀመርነውም፣ ኋላ ላይ እንደታየው ጥሩ ሆነ፣ ምክንያቱም ሆድ ውስጥ ፈሳሽ ካለ ሜቶትሬክሴት እዛ ፈሳሽ ውስጥ ተጠራቅሞ ቀስ እያለ ስለሚወጣ መርዛማነቱ ይጨምራል።

በ6 ሳምንት ውስጥ ሲኬው ወደ 400 አካባቢ ወረደ፣ ከወንበር ያለድጋፍ መነሳት ጀመሩ፣ መዋጡም ተሻለ። ቆዳው ግን ንቅንቅ አላለም። ጭራሽ ማሳከኩ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ይሄ ልዩነት፣ ጡንቻው ለመድሃኒት እየታዘዘ ቆዳው እምቢ ማለቱ፣ አንድ ነገር ይጠቁማል፣ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በዚሁ ሰሞን የአንቲቦዲው ውጤት መጣ፣ ቲፍ-1 ጋማ፣ በጣም ከፍተኛ።

ቲፍ-1 ጋማ ምንድነው? ሴል ኒውክሊየስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፣ ጂኖች መቼ እንደሚበሩና እንደሚጠፉ ከሚቆጣጠሩት አንዱ፣ የሚሰራው ትሪም-33 ከሚባል ጂን ነው። በ2018 የወጣ ስራ ይሄ አንቲቦዲ ያላቸውን የደርማቶማዮሳይቲስና የካንሰር ታካሚዎች እጢ ሲመረምር ይሄው ጂን ላይ ለውጥ አገኘ። ሀሳቡ እንዲህ ነው፣ ካንሰሩ ውስጥ ፕሮቲኑ ቅርፁ ተቀየረ፣ የሰውነት መከላከያው ይሄ ባዕድ ነው ብሎ ተነሳበት፣ ያው ፕሮቲን ግን ሳይቀየር ቆዳና ጡንቻ ውስጥም አለ፣ በተለይ ተጎድቶ እየታደሰ ባለ ጡንቻ ውስጥ በብዛት ይገኛል፣ እና ጥቃቱ ወደዛ ተሻገረ። ሌባ ፍለጋ ወጥቶ ሌባውን የሚመስል ወንድሙን መደብደብ ማለት ነው። ተመሳሳይ ነገር በስክሌሮደርማ (ቆዳን የሚያጠነክር ሌላ አውቶኢሚዩን በሽታ) ላይ ቀደም ብሎ በ2014 ታይቷል፣ አርኤንኤ ፖሊሜሬዝ 3 የሚባለው ፕሮቲን ላይ አንቲቦዲ ካላቸው 8 የካንሰር ታካሚዎች በ6ቱ እጢ ውስጥ የዛው ፕሮቲን ጂን ላይ ለውጥ ተገኝቷል፣ አንቲቦዲው ከሌላቸው 8 ታካሚዎች ውስጥ ግን በአንዱም አልተገኘም። ስለዚህ ሽፍታው ከካንሰሩ ጋር በአጋጣሚ የተገጣጠመ ሳይሆን ሰውነት ካንሰሩን ለመዋጋት ያደረገው ሙከራ ውጤት ሊሆን ይችላል፣ ለኔ የዚህ ሁሉ ነገር አስገራሚው ክፍል ይሄ ነው።

አንቲቦዲው ከመጣ በኋላ ከአንገት እስከ ዳሌ ሲቲ ስካን ተነሳ። ሪፖርቱ ሳንባ ንፁህ፣ ቆሽት ንፁህ፣ ኦቫሪዎች ለእድሜያቸው የሚጠበቅ መጠን፣ ዳሌ ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ "ክሊኒካል ትርጉሙ ግልፅ ያልሆነ" ይላል። አንድ መስመር ናት። ልብ በሉ፣ ወጣት ሴት ላይ በወር አበባ ዑደት ምክንያት ትንሽ ፈሳሽ መታየቱ የተለመደ ነው፣ የወር አበባ ካቆሙ 5 አመት ያለፋቸው ሴት ላይ ግን ከየት መጣ? ከራዲዮሎጂስቱ ጋር ቁጭ ብለን ምስሉን እንደገና ስናየው፣ ማለትም ይሄ ሰው ቲፍ-1 ጋማ ያለው ደርማቶማዮሳይቲስ ነው ኦቫሪ አካባቢ ነው የምንጠረጥረው ብለን ነግረነው ስናየው፣ የሆድ ሞራው ላይ ደብዘዝ ያለ መወፈር አሳየን። ምስል የሚያነብ ሰው የሚፈለገው ምን እንደሆነ ካልተነገረው የሚያየውም ያንኑ ያህል ነው፣ የምርመራ ወረቀት ላይ "ሽፍታ" ብሎ ብቻ ፅፎ መላክ ማንንም አይረዳም።

ሲኤ-125 (በተለይ በኦቫሪ ካንሰር ደም ውስጥ የሚጨምር ጠቋሚ) ተሰራ፣ 312፣ ኖርማሉ ከ35 በታች ነው። ሲኤ-125 በጉበት በሽታ፣ በልብ ድካም፣ በሆድ እቃ ሽፋን ብግነት ሁሉ ስለሚጨምር ብቻውን ካንሰር ነው አይባልም፣ ግን ከፈሳሹና ከአንቲቦዲው ጋር ሲደመር መተኛት የሚያስችል ቁጥር አይደለም። ፔት-ሲቲ (ንቁ እጢ ደምቆ የሚታይበት ስካን) የሆድ ሞራውና የዳሌው ሽፋን ላይ አበራ። ከዛ በላፓራስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ) ሲገባ የሆድ እቃ ሽፋኑ ላይ የተበተኑ ትናንሽ ፍሬዎች ተገኙ፣ ሞራው ላይ ያለው ትልቁ 1.5 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ ኦቫሪዎቹ በአይን ሲታዩ ደህና ነበሩ ማለት ይቻላል። ፓቶሎጂ፦ ሃይግሬድ ሲረስ ካርሲኖማ (በፍጥነት የሚያድግ የኦቫሪና የማህፀን ቱቦ ካንሰር)፣ ደረጃ 3ቢ፣ ማለትም ከዳሌ አልፎ ሆድ ውስጥ የተሰራጨ። በኋላ በቀዶ ጥገና የወጣው ሲመረመር መነሻው ከማህፀን ቱቦው ጫፍ እንደሆነ ታየ። የዚህ አይነቱ "የኦቫሪ" ካንሰር ብዙው የሚጀምረው ከቱቦው ነው፣ ለዚህ ነው ኦቫሪው በአልትራሳውንድ ኖርማል እየመሰለ በሽታው ሆድ ውስጥ የሚሰራጨው፣ የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ንፁህ መባሉም የሚገርም አይደለም።

ሁለት ቃል ስለ ሌሎቹ ልበል፣ ምክንያቱም ከካንሰር ጋር የሚመጣ የቆዳ አውቶኢሚዩን ይሄ ብቻ አይደለም። በ1990 ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለፀው ፓራኒዮፕላስቲክ ፔምፊገስ አለ፣ እሱ በአፍ ውስጥ በሚያሰቃይ ቁስል ነው የሚጀምረው፣ ከንፈር ላይ ቅርፊት ይሰራል፣ ለተለመደው ህክምና በቀላሉ አይመለስም፣ በብዛት ከሊምፎማ፣ ከሲኤልኤል (የደም ካንሰር አይነት)፣ ከካስልማን በሽታ (የሊምፍ እጢ በሽታ) እና ከታይሞማ (ደረት ውስጥ ካለው ታይመስ የሚነሳ እጢ) ጋር ይመጣል፣ ክፋቱ ሳንባንም ይዞ ትንፋሽ ማሳጠሩ ነው። ላሚኒን-332 የሚባል ፕሮቲን ላይ አንቲቦዲ ያለበት የአፍና የአይን ፔምፊጎይድም (ውሃ የሚቋጥር የሽፋን በሽታ) አለ፣ በ2001 በወጣ ጥናት ከ35 ታካሚዎች 10ሩ ካንሰር ነበራቸው። የታካሚያችን አፍ ንፁህ መሆኑ እነዚህን ከሩቅ አስቀርቶልናል፣ አፍ አስከፍቶ ማየት ደግሞ ምንም አያስወጣም።

ህክምናው ላይ መጀመሪያ ቀዶ ጥገና ወይስ መጀመሪያ ኬሞ የሚል ክርክር ነበር። የሆድ ቀዶ ጥገናው ትልቅ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ከፍተኛ ስቴሮይድ ላይ ናቸው፣ ቁስል ቶሎ አይድንም፣ የመዋጥና የመተንፈሻ ጡንቻቸው ገና እያገገመ ነው፣ ከማደንዘዣ በኋላ ምራቅ ወደ ሳንባ ቢገባስ? የማህፀን ካንሰር ሃኪሞቹ በ3 ዙር ኬሞ ተጀምሮ፣ መሃል ላይ ቀዶ ጥገና ተሰርቶ፣ 3 ዙር ይደገም ብለው ወሰኑ። ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል በየ3 ሳምንቱ።

ከሁለተኛው ዙር በኋላ ማሳከኩ ቆመ። ከሶስተኛው በኋላ የአይን ቆባቸው እብጠት ጠፋ፣ ደረታቸው ላይ የቀረው ጠባሳ መሰል ጥቁረት ብቻ ሆነ። ሲኤ-125 ከ312 ወደ 96 ከዛ ወደ 24 ወረደ። በዚህ ጊዜ ሁሉ ፕሬድኒሶሎኑ እየተቀነሰ ነው። ሄለን ኦለንዶርፍ ከርት የተባሉት የቆዳ ሃኪም አንድ የቆዳ በሽታ ከካንሰር ጋር የተያያዘ ነው ለማለት ካስቀመጧቸው መስፈርቶች ውስጥ ዋነኞቹ ሁለቱ አንድ ሰሞን መጀመራቸውና አብረው መሄዳቸው ናቸው፣ ይሄ ኬዝ ሁለቱንም ያሟላል የሚመስለው ለዛ ነው። ግን እዚህ ላይ አንድ ስንጥር አለች። ፓክሊታክሰል ከመሰጠቱ በፊት ለአለርጂ መከላከያ ዴክሳሜታሶን ይሰጣል፣ ዴክሳሜታሶን ደግሞ ራሱ ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። ታዲያ ቆዳውን ያሻለው የካንሰሩ መቀነስ ነው ወይስ በየ3 ሳምንቱ የምትገባው ዴክሳሜታሶን? በቀን 60 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ያላንቀሳቀሰውን ሽፍታ በየ3 ሳምንቱ የሚሰጥ ዴክሳሜታሶን ያጠፋዋል ብሎ ማመን ይከብደኛል፣ ኬሞው ራሱም የመከላከያ ሴሎችን ስለሚያዳክም ሶስተኛ እጁ ሊኖርበት ይችላል። ካንሰሩ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል ባይ ነኝ፣ ሙሉውን ግን አልሰጠውም።

ቀዶ ጥገናው ጥሩ ሄደ፣ በአይን የሚታይ እጢ አልቀረም። የጂን ምርመራው ብራካ-1 (ሲበላሽ የጡትና የኦቫሪ ካንሰር ስጋት የሚጨምር ጂን) ላይ በዘር የሚተላለፍ ለውጥ አሳየ፣ አክስትየዋ የታወሱት እዚህ ጋር ነው። ሁለት ነገር ተከተለ፣ አንደኛ ኬሞው ሲያልቅ ኦላፓሪብ የሚባል ኪኒን ለ2 አመት እንዲወስዱ ተደረገ፣ ሁለተኛ ልጃቸው ተጠርታ ከጂን አማካሪ ጋር ተገናኘች። ልጅቷ የመጣችው እናቷን ልታመላልስ ነበር፣ የራሷ ፋይል ተከፍቶ ነው የሄደችው። ለመመርመር ጊዜ ጠይቃለች፣ መብቷ ነው፣ ማንም አልገፋፋትም።

ኬሞው ካለቀ ከአመት ገደማ በኋላ የራስ ቆዳቸው እንደገና ማሳከክ ጀመረ፣ ቀጥሎ የአይን ቆብ። እሳቸውም ልጃቸውም እኛም ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። ሲኤ-125 ተሰራ፣ 11። ሲቲ ንፁህ። ሲኬ ኖርማል፣ ጡንቻቸው ጠንካራ። ከሁለት ወር በኋላ ተደገመ፣ አሁንም ንፁህ። ሲጠየቁ ፕሬድኒሶሎኑ ሙሉ በሙሉ ከቆመ ጥቂት ሳምንት ሆኖታል፣ እና የፀሃይ መከላከያውን "ድኛለሁ" ብለው ትተውታል፣ ይሄ በሽታ ደግሞ ፀሃይ አይወድም። ቆዳው ሲመለስ ሁሌ ካንሰሩ ተመለሰ ማለት አይደለም፣ አንዴ የተቀሰቀሰ የመከላከያ ስርዓት ቀስቃሹ ከወጣም በኋላ በራሱ ሊቀጥል ይችላል። ግን ይሄንን ማለት የሚቻለው ተፈልጎ ከታጣ በኋላ ነው፣ ከመፈለጉ በፊት አይደለም።

የመጨረሻው ጥያቄ በምን እናክመው ነው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሞከርን፣ በሁለት ሳምንቱ ሌላ ሽፍታ አወጣባቸው፣ ደርማቶማዮሳይቲስ ያለባቸው ሰዎች ላይ ይሄ መድሃኒት ሽፍታ ማምጣቱ ከሌላው ሰው በላይ የተለመደ ስለሆነ አልገረመንም፣ አቆምነው። ሌላው መከላከያን የሚያለዝብ መድሃኒት ማይኮፌኖሌት የደም ሴል ይቀንሳል፣ ኦላፓሪብም ይቀንሳል፣ ሁለቱን መደራረብ የኦንኮሎጂ ሃኪሙ አልወደደውም፣ እኔም አልወደድኩትም። ሜቶትሬክሴትም በዛው ምክንያት ቀረ። ስለዚህ ወደ አይቪአይጂ ተመለስን፣ መከላከያን አያዳክምም፣ መቅኒ አይነካም። እሱም ግን ደም ማርጋት አለበት፣ ካንሰር ራሱ ደም ስለሚያረጋ ስጋቱ ይደራረባል፣ ለዚህ መጠኑ ተከፋፍሎ በቀስታ እንዲሰጥ፣ ቀድሞ ፈሳሽ እንዲያገኙ፣ እግራቸው ቢያብጥ ወይ ትንፋሽ ቢያጥራቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ እንዲመጡ ተነገራቸው። በሶስተኛው ወር የአይን ቆባቸው ጠራ፣ የራስ ቆዳ ማሳከኩ ግን በግማሽ ነው የቀነሰው። ሲኤ-125 በየ3 ወሩ ይታያል፣ ሽፍታው አዲስ ቦታ ላይ ከወጣ ወይም ጡንቻው ከደከመ ደግሞ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ሲቲ ይደገማል ተብሎ ፋይላቸው የመጀመሪያ ገፅ ላይ ተፅፏል።